በኪዳነ ምሕረት ለት የተቆፈረ ቦይ

እናቴ አልጋ ከያዘች በኋላ ከአፏ የሚወጣው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። «አባቴን አስገቡልኝ።» አጥሚት ሳቀርብላት «አባቴን አስገቡልኝ»፤ ትራሷን ሳስተካክል «አባቴን አስገቡልኝ»። ንፋስ መውጫ ያለው ቤቴ ከመንገድ ዳር ስለሆነ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ድምጿ ይዋጣል፤ ባጃጁ ሲርቅ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ሊጠይቋት የሚመጡ ጎረቤቶች አእምሮዋን የሳተች መስሏቸው ከንፈራቸውን ይመጥጡ ነበር። ምን ስታ! የእናቴ አእምሮ ከእኔ ይልቅ የተሳለ ነበር። የምትለውንም፣ ለምን እንደምትለውም አሳምራ ታውቃለች።

አባቷ፣ ማለት የእኔ አያት፣ የተቀበረው ከትውልድ መንደራቸው ደብር ቅጥር ውጭ ነው። በእኛ አገር ክርስቲያን የሆነ ሁሉ፣ ሌባውም ነፍሰ ገዳዩም ሳይቀር፣ ንስሐ ገብቶ ከሞተ ከግንቡ ውስጥ ያርፋል። አያቴ ግን ከግንቡ በስተውጭ፣ ወደ ስማዳ ቁልቁል በሚያሳየው ተዳፋት ላይ፣ ከቁጥቋጦ ጋር ቀርቷል። ፍትሐት አልተደረገለትም፤ ተዝካር አልወጣለትም፤ ስሙ በጸሎት ተጠርቶ አያውቅም። በግዝት እንደታሰረ ነው የሞተው። ቄስ በመስቀሉ ያሰረው ሰው እስኪፈታ ድረስ እሳት የሚሰጠው የለም፣ አብሮት የሚቆርስ የለም፣ ሲሞትም አይለቀስለትም። እናቴ እሱን ከቅጥሩ ውስጥ አስገብታ፣ ከዚያ በኋላ ከአጠገቡ መቀበር ነበር የምትፈልገው። ሌላ ምኞት አልነበራትም።

ወንጀሉ ምን መሰላችሁ? ሰው ገደለ? ንዋየ ቅድሳት ሰረቀ? ኧረ ወዲያ! ቦይ ነው የቆፈረው።

አያቴን አላየሁትም። እኔ ስወለድ እሱ አፈር ከሆነ ቆይቶ ነበር። ፎቶም የለውም፤ ማን ፎቶ ሊያነሳው! የማውቀው ከእናቴ አፍ፣ ከአገሬው ወሬና ከድንጋዮቹ ነው። ድንጋዮቹ ዛሬም አሉ። ከደብሩ በታች ያለው መሬት ገደላማ ነው፤ ዝናም በመጣ ቁጥር አፈሩ እየታጠበ ይወርድ ነበር። እሱ ከወንዙ ድንጋይ በጀርባው እያመጣ ካበበት፤ አንዱን እርከን ሲጨርስ ሌላውን እየጀመረ ኖረ። ያንን ሁሉ አንድ ሰው ሠራው ቢባል ያላየ አያምንም። ሽማግሌዎቹ «ያ ሰው ጎኑ መደብ አያውቅም ነበር» ይላሉ። ሲያመሰግኑት ይሁን ሲያሙት፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

የሐሜቱ ምክንያት በዓል ነው። የእኛን አገር ወር የሚያውቅ ያውቀዋል። አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለም፣ በዓለ ወልድ፤ ቅዳሜና እሑድ ሲጨመርበት ገበሬው መቼ እንደሚያርስ እግዜር ይወቀው። በእነዚህ ቀናት አፈር መቁረስ፣ ማጨድ፣ መውቃት፣ እህል መፍጨት ክልክል ነው። አጥር መጠገን፣ ገመድ መግመድ ግን ነውር የለውም። አያቴ ደግሞ «ድንጋይ መካብ አፈር መቁረስ አይደለም» እያለ በበዓሉ ሁሉ ሲክብ ይውላል። ለዚህ ነገሩ መልስ ያለው ሰው አልተገኘም፤ የወደደለት ሰውም አልተገኘም። በዓል የሻረ ሰው ብቻውን አይቀጣማ! በረዶ ይወርዳል ነው የሚባለው፤ በረዶ ደግሞ የአጥፊውን ማሳ ከጎረቤቱ ማሳ አይለይም። ስለዚህ በእኛ አገር ሰው የሚጠብቀው የራሱን በዓል ብቻ አይደለም፤ የጎረቤቱንም ነው።

ያንን ቀን እናቴ ስትነግረኝ አንድ ቃል አትለውጥም ነበር።

«የፍልሰታ ጾም የተፈታበት ለት ነው፣ ኪዳነ ምሕረት። ከቅዳሴ ተመልሰን፣ ጠላ ተቀድቶ፣ አባዬ የያዘውን ዋንጫ ሳይጨርስ ሰማዩ ተቀደደ። ከተረተሩ የወረደው ጎርፍ ካቡን ጥሶ ገብሱ ውስጥ ሊገባ ሆነ። ዶማውን አንስቶ ሮጠ። እኔም ተከትዬው ሮጥሁ። እሱ ቦይ ይቆፍራል፣ እኔ ጭቃውን በእጄ እዝቃለሁ። ውሃው ተቀለበሰ፣ ገብሱ ዳነ። ከዚያ ዶማውን አጥቦ፣ እግሩን ታጥቦ፣ ወደ ደብሩ ዞሮ ተሳለመ። ‹እመቤቴ አይታለች፤ እሷ ታውቀዋለች› አለኝ።»

ከእመቤታችንና ከእናቴ በቀር ያየ አልነበረም። እናቴ ያኔ የወተት ጥርሷን የምትነቅል ልጅ ናት።

እንቁጣጣሽ ሳይደርስ በረዶው ወረደ። ገብሱ ዛላውን ባወጣበት ሰሞን ነውና የደብሩ ሰው እህል እንዳለ ተጋደመ። ያ ከጎርፍ የተረፈው የአያቴ ገብስም አብሮ ተጋደመ። የሚቀጥለው ክረምት ምን እንደሚመስል ሁሉም ገብቶታል። በእሑዱ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ በደብሩ ደጅ ካለው ጥድ ሥር እንዲቆም ተደረገ። የዚያን ጊዜው የደብሩ አለቃ መስቀላቸውን አንስተው፣ በዓል የሻረው ብቻ ሳይሆን ሲሽር አይቶ የደበቀውም የተገዘተ ይሁን ብለው ሦስት ጊዜ አሰሙ። ይኸ የአገራችን አውጫጭ ነው፤ ሌባም ነፍሰ ገዳይም የሚወጣው በዚሁ ነው። ትልልቆቹ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ልጅ ግን ግዝት ሲሰማ እንደ ትልቅ ሰው ልቡን አያደነድንም። እናቴ ምድር ተከፍታ የምትውጣት መሰላት። ቀሚሷን አርጥባ፣ እያለቀሰች ጮኸች።

«አባዬ በኪዳነ ምሕረት ለት ቦይ ቆፍሯል!»

ሰው ሁሉ ወደ አያቴ ዞረ። እሱም «ልጄ አትዋሽም» አለ።

እዚህ ላይ ነገሩ ሊያልቅ ይችል ነበር። ሽማግሌዎቹ ክፋታቸው ያን ያህል አልነበረም። «አጥፍቻለሁ፣ ይፍቱኝ በል» አሉት። ይህን ካለ አለቃው ጥቂት ስግደት ያዝዙታል፣ መስቀል ያሳልሙታል፣ በቃ፣ ተፈታ። አያቴ እንዲህ አላቸው፦ «የልጆቼን ጉርሻ ጎርፍ ሲወስደው ቆሜ ባይ ኖሮ አጠፋ ነበር። አላጠፋሁም።» ለመኑት። ተቆጡት። አሁንም «አላጠፋሁም» አለ። እንግዲህ አለቃው አሰሩት። አያቴ እናቴን አንስቶ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ወደ ቤቱ ሄደ። በመንገድ ላይ አንዲት የቁጣ ቃል አልተናገራትም፤ እስኪሞት ድረስም አልተናገራትም። እናቴ ግን «ምነው በገረፈኝ» ትል ነበር። ስንቴ እንዳለችው!

በሬው አንድ ነበረ። ጎረቤቱም አንድ በሬ ነበረው፤ ሁለቱን አቀናጅተው በየተራ ያርሱ ነበር። ከግዝቱ በኋላ ጎረቤቱ በሬውን ፈትቶ ወሰደ፤ ከተገዘተ ሰው ጋር ማን ይቀናጃል? አያቴ ያንን ሁሉ መሬት በዶማ ይቆፍር ጀመር። በሬው ዳር ቆሞ ሣር ሲግጥ ጌታው ሲቆፍር ይውላል። መንገደኛው ቆም ብሎ ያይና ያማትባል። ደቦ የለ፣ ወንፈል የለ፤ አጨዳውም ውቂያውም በእሱና በሚስቱ ጫንቃ ላይ ወደቀ። አያቴን ሰነፍ ሲሉት የሰማ የለም። በግዝት ከታሰረ በኋላ ግን ሥራ ብቻ ቀረው፤ የሚያወራው ሰው የለም፣ ማኅበር የለ፣ ሰንበቴ የለ፣ ሠርግ የለ። ያም ሆኖ በበዓል ቀን ሲቆፍር አልዋለም። «እመቤቴን አልተጣላኋት» ይል ነበር። በበዓሉ ቀን ከቤቱ ደጅ ቁጭ ብሎ የቅዳሴውን ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ እናቴ ከጎኑ ትቀመጣለች።

ሳያረጅ ሞተ። ደረቱን አመመው፣ ሳል ያዘው፣ ድንጋይ ተሸክሞ ከወንዝ ሲወጣ መንገድ ላይ ወደቀ። ሴት አያቴ ሰው ልካ አለቃውን አስጠራች። መጡ፤ ይኸን አልክድም፣ መጥተዋል። ከደጃፉ ቆመው «አንዲት ቃል በል፣ ልፍታህ። አጥፍቻለሁ በል» አሉት። አያቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አለቃው እንባቸውን እየጠረጉ ተመለሱ ይባላል። አሁንም ድረስ ያናድደኛል! እሱስ ምን ነበረበት ቃሏን ቢላት? እሳቸውስ ምን ነበረበት ሳይልም ቢፈቱት? አንዲት ቃል እኮ ናት። በአንዲት ቃል ሰው ከውሻ በታች ሆኖ ተቀበረ። የተሸከሙት ሚስቱና የሚስቱ ወንድም ናቸው፤ እናቴ ከኋላ ዶማውን ይዛ ተከተለች።

እንግዲህ እናቴ «አስገቡልኝ» የምትለው እሱን ነው። እኔ ደግሞ ነገር አልወድም እንጂ ከጀመርሁት አልለቅም። በገበያው ዳር ያለችውን የልብስ ስፌት ሱቄን ዘግቼ፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ሳምንት ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ አያቴ አገር ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድሁት ከአጎቴ ዘንድ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ያኔ ጡት የሚጠቡ ሕፃን ነበሩ፣ ኋላ ዲያቆን ሆነዋል። ከአያቴ የቀረች ወረቀት ሁሉ ያለችው እሳቸው ጋር ነው፤ በጨርቅ የተቋጠሩ የንጉሡ ዘመን የግብር ደረሰኞችና አንድ ዳዊት። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ብቻውን በዶማ የቆፈረባቸው ዓመታት እንኳ አልጎደሉም፤ በሬ ያለው ሰው እንኳ የሚያጎድለውን ግብር እሱ አሟልቷል። ደረሰኞቹ ስለ ሰውየው የሚናገሩት ግን ይኸንኑ ብቻ ነው። ገበረ፣ ገበረ፣ ገበረ። ከዚያ አቆመ።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አሉኝ አጎቴ። «የተዳፈነ እሳት አትቆስቁሺ። ልጆቼ ዲያቆናት ናቸው፤ ነገ የተገዘተ ልጆች ሊባሉ ነው?»

«የእርስዎ ዲቁና ከየት መጣና ነው?» አልኋቸው። ድምፄ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። «እሱ በዶማ ባበቀለው ገብስ አይደለም ያደጉት? ሲያድጉ አላፈሩበት፣ ዛሬ ሊያፍሩበት ነው?»

ከመደባቸው ተነሡ። ከዚያ ዳዊቱን አውርደው የመጨረሻውን ብራና ገለጡልኝ። የቤተሰቡ ሙታን ስም ተጽፎበታል፤ ከየስሙ ፊት «ነፍስ ኄር» የሚል አለ። ከሁሉም በታች፣ በሌላ ቀለም፣ የአያቴ ስም ለብቻው አለ፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም።

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ፤ ዲያቆን እያለሁ ተደብቄ። ስሙን ለመጻፍ ደፈርሁ። «ነፍስ ኄር» ብዬ ለመጨመር ግን እጄ እንቢ አለኝ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ልቆጣቸው አልቻልሁም። ደረሰኞቹን በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝና እስከ ደብሩ ድረስ አብረውኝ ሄዱ።

የዛሬው የደብሩ አስተዳዳሪ በዕድሜ ከእኔ ያንሳሉ። ስልካቸውን ከቀሚሳቸው ኪስ እያወጡ እየከተቱ፣ በትዕግሥት አዳመጡኝ። ልጣላቸው ተዘጋጅቼ ነበር የሄድሁት፤ ደግ ሆነው ተገኙና ይበልጥ ተናደድሁ። ደረሰኞቹን አቅፌ የመጣሁት በከንቱ ነው፤ አልፎ አልፎ አዩና «ጎበዝ ሰው ነበሩ» ብለው መለሱልኝ።

«አባ፣ ጎርፍ መቀልበስ ኃጢአት ነው?» አልኋቸው። «ይኸው ዛሬ ቀበሌው በጡሩንባ ጠርቶ እርከን ያሠራ የለ? በበዓል ቀን ጎርፍ ቢመጣ ቤቱ የሚቀመጥ አለ?»

«የለም» አሉ። «እኔስ ራሴ ባለፈው ክረምት በሥላሴ ለት ቦይ ቆፍሬ የለም እንዴ?»

«ታዲያ!»

«ታዲያማ በማግስቱ ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ አጥፍቻለሁ፣ ይፍቱኝ አልሁ። ፈቱኝ። አያትሽ የታሰሩት በቦዩ አይደለም፣ ልጄ። አጥፍቻለሁ ባለማለታቸው ነው።»

ደረሰኞቹን መልሼ በፌስታሉ ጠቀለልሁ።  ከዚያ የሚፈታበትን መንገድ ነገሩኝ። አለቃው ሞተዋል፣ ሥልጣኑ ግን አልሞተም፤ እሳቸው ይፈታሉ። ሆኖም ከአብራኩ የወጣ ሰው ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆሞ፣ በአባቱ ፈንታ «አጥፍቷል፣ ይፍቱት» ማለት አለበት። ያ ከሆነ ፍትሐቱ ይደረጋል፣ አጥንቱም ይገባል። አጎቴ ቀና ብለው አላዩኝም፤ ግን ቀስ ብለው «እኔ እላለሁ» አሉ። ተስማምተን ተለያየን። ተሳካልኝ ብዬ ደስ እያለኝ ተመለስሁ።

ለእናቴ ስነግራት ደስ አላላትም። ያን ቀን በሙሉ ያንን የለመደችውን ነገር አልደገመችም። ባጃጁ ያልፋል፣ እሷ ዝም ትላለች። በማግስቱ ቁርሷን ሳቀርብላት ጠየቀችኝ።

«ሌላ መንገድ የለም አሉ?»

«የለም። አጎቴ ይሉታል፤ አንቺ መምጣትም አያስፈልግሽ።»

«እሱ ምን አየና ነው የሚመሰክር? ጡት ይጠባ ነበር እኮ።»

«እንግዲያው እኔ እላለሁ። ለእኔ ቃል ብቻ ነው።»

«ለአንቺማ ቃል ብቻ ነው» አለችኝ። «አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር እኔ እግሩ ሥር ነበርሁ። ያንን ቃል ላለማለት ነው የሞተው። ያሳሰርሁት እኔ፣ የማስፈታው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው በአባቴ ላይ አይመሰክርም።»

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እሷን እረፍት የነሳት መቃብሩ ሳይሆን በገዛ አፏ ማሳሰሯ ነበር። ልመልሳት ብዬ «እማዬ፣ ይቅር» አልኋት። «ከፈለግሽ አንቺን ከውጭ፣ ከሱ አጠገብ እንቅበርሽ። የታባታቸውስ!» ሳቀች፤ ከታመመች ወዲህ የሳቀችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«እኔ እዚያ ብተኛ ለሱ ምን ይረባዋል? ነፍሱ ታስራለች፤ የኔ አጥንት ይፈታታል? እንዲህ እያልሽ አትዘባርቂ። ውሰዱኝ።»

ወሰድናት። ሚኒባሱ ከቆመበት ጀምሮ የሰፈሩ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸከሟት። ያለፈው ክረምት ዝናም መንገዱን ሸርሽሮታል፤ ስትናጥ እንኳ አላቃሰተችም። የአባቷን እርከኖች ስናልፍ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ዛሬ እርከኖቹን የሚያርሰው ያ በሬውን የፈታው ጎረቤት የልጅ ልጅ ነው፤ ከማሳው ዳር ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ አሳለፈን። ምን ያድርግ፣ እሱ አላሰረው።

ቅዳሴው አለቀ፤ ሰዉ ነጠላውን እንዳጣፋ ቆመ። ያ ጥድ ደርቆ ተቆርጧል፤ ባዶ ሜዳ ነው። እናቴን ከቃሬዛው አንስተን፣ እኔ በአንድ በኩል አጎቴ በሌላው ደግፈን አቆምናት። አስተዳዳሪው ነገሩን ለሕዝቡ ካስረዱ በኋላ ወደ እሷ ዞሩ። ቀላል ትሆናለች ብዬ ይዣት ነበር፤ ከበደችኝ።  አንዳንዱ ሰው «ምነው ዘገየች?» እያለ ማጉረምረም ጀመረ። ከዚያ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀው የሕፃን ድምፅ ከአፏ ወጣ።

«አባዬ በኪዳነ ምሕረት ለት ቦይ ቆፍሯል።»

አስተዳዳሪው ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «አጥፍቷል፣ ይፍቱት ይበሉ እናቴ» አሏት። ወደ እኔ አየች። እኔ ምን ላድርግ? ዓይኔን መሬት ላይ ተከልሁ።

«አጥፍቷል» አለች። «አጥፍቷል። ይፍቱት።»

«እግዚአብሔር ይፍታ!» አሉ፤ ሕዝቡ ተቀበለ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እልልታው ጆሮዬን ሲያሳምመኝ ያ የመጀመሪያው ነው። ጎረምሶቹ ተዳፋቱን ወርደው ቆፈሩ። የተገኘው ትንሽ ነገር ነበር። ያንን ሁሉ ድንጋይ የተሸከመው፣ ያንን ሁሉ መሬት በዶማ የገለበጠው ሰው፣ በአንድ ክንድ አቡጀዲ ተጠቅልሎ አንድ ዲያቆን ብቻውን ይዞት ገባ። ፍትሐቱ ተደረገ። ከግንቡ ውስጥ፣ ከወይራው ሥር አሳረፉት፤ ከጎኑም ለእናቴ የሚሆን ቦታ ተተወ። አጎቴ አፈሩን በእጃቸው መልሰው፣ ልጅ ሆነው ያላለቀሱትን አለቀሱ። እናቴ ግን ወደዚያ አላየችም፤ ቃሬዛዋ ላይ ፊቷን አዙራ ተኝታ ነበር።

ንፋስ መውጫ ከተመለስን በኋላ ደህና የምትሆን መስሎኝ ነበር። ይኸው የተመኘችው ደረሰላት አይደል? ልብሷን ቀይሬላት፣ አጥሚቱን አሙቄ፣ አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«አስገባነው እኮ፣ እማዬ። ተፈታ።»

«እሱስ ተፈታ» አለች። አጥሚቱን በእጇ ገፋች። «ያኔ ልጅ ነበርሁ። ፈርቼ ነው። ልጅ ነሽ ብሎ ትከሻው ላይ አስቀመጠኝ።»

«አዎ።»

«አሁንስ ምን ይለኛል?»

«ለነፍሱ ብለሽ ነው፤ ያውቃል እንጂ» አልኋት። «አንቺን ያልማረ ማንን ሊምር ነው?»

 ከዚያ ወዲያ ብዙም አልበላችም። ከሰነበተች በኋላ አንድ ጠዋት እጄን ያዘች፤ «ቃል ግቢልኝ» አለችኝ። ገና ምን እንደሆነ ሳልሰማ «እሺ» አልኋት፤ ምን እንደምታሸክመኝ መች አውቄ።

«ከአጠገቡ አትቅበሩኝ።»

«እማዬ! ለዚሁ አይደል የለፋነው?»

«እሱ ይረፍ። እኔን ከሱ ራቅ አድርጉኝ። ዓይኑን ማየት አልችልም።»

በዚያው ሳምንት ሞተች። ዘመዱ ሁሉ ከወይራው ሥር መቆፈር ሲጀምር አስቆምሁት፤ አጎቴም ሌላውም እብድ አሉኝ፣ ተጯጯህን። አልተረታሁም። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ፣ ወይራው በማይታይበት በኩል ቀበርናት።